እርጥብ ለመብላት ስድስት ቀን

ሰኞ

ከአዳማ የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዓመት ፈቃዴ ስድስት ቀን ተርፎኝ ነበር፤ ሙሉውን ቡራዩ፣ እማዬ ጋ ላሳልፈው ወሰንኩ። ፈቃዱን ስሞላ ግን በሐሳቤ የነበረችው እማዬ ብቻ አይደለችም። እርጥብም ነበር። እርጥብ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ትኩስ ዳቦ፣ ውስጡ የተጠበሰ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ድልህ። በየትምህርት ቤቱ በር፣ በየታክሲ ተራው ይሸጣል። አዳማም አለ። የኔ የምለው ግን አንድ ቦታ ነው ያለው። ቡራዩ ኬላን አለፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ፣ ሰማያዊ በር ያላት የቆርቆሮ ቤት። ታፔላ የላትም። ሁላችንም "እትዬ ጋ" ነው የምንላት።

ፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ አልቆ ቃሊቲ ስንገባ ሦስት ሰዓት ገና ነው። ከዚያ ባቡር ያዝኩ። መስከረም 2008 ላይ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተከፈተው ይሄ የቃሊቲው መስመር ነው። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ከጓደኞቼ ጋር የምንሄድበት ሳይኖረን ዝም ብለን ከጫፍ ጫፍ ተመላልሰንበታል። ዛሬ ግን ሰው በሰው ላይ ነበር፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ቆሜ ነው የሄድኩት። ከዚያ የአስኮ ታክሲ፣ ከአስኮ የቡራዩ። ዊንጌት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። ቡራዩ አሁን በአስተዳደር ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፤ ረዳቱ ግን እንደ ድሮው "ቡራዩ! ቡራዩ!" እያለ ነው የሚጠራው፣ እሱን ስሰማ ደረስኩ አልኩ።

ሻንጣዬን እንደያዝኩ በቀጥታ እትዬ ጋ ገባሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ርቦኛል፣ እማዬም ብትሰማ ይገባታል።

"አንቺ ልጅ! ከየት ተገኘሽ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?" አሉ እትዬ። እጃቸው ዘይት ስለነካው በክርናቸው ነው አቅፈው የሳሙኝ። "እንቁላል ይግባበት?"

"የድሮውን ነው የምፈልገው እትዬ።"

የድሮው ማለት ያለ እንቁላል፣ ያለ ካቻፕ፣ ድልህ በዛ ያለበት ነው። ሃይስኩል እያለሁ፣ በ2005 አካባቢ፣ 7 ብር ነበር። ዛሬ 60 ብር ነው። ዘይት ስንት እንደገባ እማዬ በስልክ ሁሌም ስለምትነግረኝ ዋጋው አልገረመኝም።

ዳቦው ሲሰጡኝ ሙቀቱ በሶፍቱ አልፎ መዳፌን ይነካል። መጀመሪያ የዳቦው ቅርፊት ነው የሚመጣው፣ ስስ ነው፣ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ድልሁ። ቀጥሎ ድንቹ፣ ውጩ ደርቆ ውስጡ እንደ ዱቄት የሚፈርስ። መጨረሻ ላይ ቃሪያው ምላስ ይነክሳል። ድልህ የቀላቀለ ዘይት በጣቶቼ መሃል ወርዶ አንጓዬ ደረሰ። እርጥብ ለምን እርጥብ እንደተባለ እጄ ነው የነገረኝ።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜን ቀስቅሼ ዳቦ ቤት ሄድን። የጥቅምት ብርድ ነው፣ ትንፋሻችን ይታያል። ይህን ዳቦ ቤት የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች እስካሁን "ፉርኖ ቤት" ነው የሚሉት፤ ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ምድጃ ማለት ነው። እውነትም ሁሉ ነገር ምድጃው ነው። በባህር ዛፍ እንጨት ነው የሚነደው። ጋጋሪው ፍሙን ወደ ዳር ገፍቶ ወለሉን በእርጥብ ጆንያ ይጠርገዋል፤ ከዚያ ዱቄት በተን ያደርግና ዱቄቱ ስንት ቆይቶ እንደሚጠቁር ያያል። ቶሎ ከጠቆረ ይጠብቃል። ቴርሞሜትር የለም። ሊጡ ከማታ ጀምሮ ነው የሚያድረው።

ለእትዬ የሚጋገረው ዳቦ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ክብ ነው፣ ግን ዝቅ ያለ፣ ቅርፊቱ ስስ። ጋጋሪውን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ወፍራም ቅርፊት ከሆነ ስትነክሺው ድንቹ ከጎን ይወጣል" አለኝ። "እትዬ ናቸው ያሉኝ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን መልሰውብኛል።"

ሌላም ነገር ነገረኝ። እትዬ የጠዋቱን ዳቦ ለምሳ አይጠቀሙበትም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ዙር፣ አምስት ተኩል ላይ ሌላ ዙር፣ ተማሪ ሲወጣ ደግሞ ሦስተኛ። የተረፈውን ማታ የጎረቤት ልጆች ይወስዱታል። ይህን ሁሉ ዓመት እርጥቡን ስበላ ዳቦው ሁሌ ትኩስ የሆነው እድለኛ ሆኜ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው አስቦበት ነው።

ከሰዓት እትዬ ጋ ተቀምጬ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። አዳማ አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ስለዚህ እርጥብ ሳወራ ዓመት ሰምታኛለች፤ ቅዳሜ ስመለስ አንድ ልውሰድላት አልኳቸው።

"አይሆንም" አሉ ወዲያው። "እርጥብ መንገድ አይወድም። ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ድንቹ ይልፈሰፈሳል፣ ዳቦው ጭቃ ይሆናል። ከዚያ ልጅቷ ቀምሳ 'ይሄ ነው እንዴ?' ብትልሽስ?"

ዝም አልኩ። ልክ ናቸው።

ረቡዕ

ጾም ነው። እትዬ ጋ ረቡዕና ዓርብ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። እርጥብ እንቁላል ካልገባበት የጾም ምግብ ነው፤ ድንች፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ድልህ፣ በቃ። ለዚህ ነው ብዙ ምግብ ቤት ረቡዕ ሲቀዘቅዝ እዚህ ሰልፍ የሚሆነው። በዚህ ላይ ጽጌ ነው። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ግዴታ ባይሆንም የሚጾሙት ብዙ ናቸው። እትዬ ራሳቸው ይጾሙታል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለውን ተረት ሳነሳባቸው "አጥንቱ ይቆየኛል" ብለው ድንቹን መላጥ ቀጠሉ።

በጾም ቀን የእንቁላሉ መጥበሻ ከነማንኪያው ጓዳ ይገባል። ሌላ ዘይት፣ ሌላ ቢላ። ይህን ማንም አይቆጣጠራቸውም፤ ቢቀላቅሉት የሚያይ የለም። ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እንኳ ቢላ ለመቀየር ሲነሱ አየሁ።

ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነጠላ ያደረጉ እናቶች መምጣት ጀመሩ፣ ከቅዳሴ መልስ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩት ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ሲል ቤቱ በአንዴ ተቀየረ። ልጅቷ (እትዬን የምታግዘው የእህታቸው ልጅ ናት) ሻይ በቅመም ታድላለች፣ እትዬ ይሞላሉ፣ እኔ ተነስቼ ሶፍት አቀብላለሁ።

እዚያ ቆሜ ነው አሠራሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ድንቹ ተልጦ እንደ ጣት ይቆረጣል፣ የሌባ ጣት ያህል ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ነጭ ይሆናል፣ ተደፍቶ ሌላ ይጨመራል፣ እስኪጠራ ድረስ። ያ ነጭ ነገር ካልወጣ ድንቹ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ከዚያ በጨርቅ ይደርቃል። ጥብሱ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለስለስ ባለ እሳት፣ ሳይቀላ፣ ውስጡ እስኪበስል ብቻ። ይወጣና በሰፌድ ላይ ይቀዘቅዛል። ሰው ሲያዝ ነው ሁለተኛው፣ በኃይለኛ እሳት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል።

ዓይናቸውን ግን ዘይቱ ላይ አያደርጉም። ዳቦ እየከፈቱ፣ ብር እየተቀበሉ፣ ሰው እያዋዙ ነው። መቼ እንደደረሰ እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

"ስሚው እንጂ" አሉኝ። "ሲገባ ይጮሃል። የሚጮኸው ውሃው ነው። ውሃው ሲያልቅበት ድምፁ ይቀጥናል። ሲቀጥን ታወጪዋለሽ።"

ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ። መጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ከዚያ እያካፋ ይሄዳል። ልክ ካፊያ ሲሆን የእትዬ እጅ በራሱ ወንፊቱን አነሳ።

ዳቦውን በጎን ይከፍቱታል፣ እስከ መጨረሻው ግን አይቆርጡትም፣ አንድ ጣት ያስቀራሉ። ድልሁን በዘይትና በጥቂት ሙቅ ውሃ አቅጥነው የዳቦውን ሁለቱንም ፊት ይቀቡታል። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሚጥሚጣ ለሚፈልግ ነስነስ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ዳቦውን አንዴ ጫን ያደርጉታል። ያቺ መጫን ናት ድልሁን ከዳቦው ጋር የምታዋህደው። የልጅቷን ሳይ ጫን አትልም። የሷም ይጣፍጣል፣ ግን ያዝ አያደርግም፣ ስትነክሰው ይበታተናል። እትዬም አይተዋታል። "ቀስ ትላለች" አሉኝ በኋላ፣ "እጄ ሲያመኝ እሷ ናት የምትይዘው።"

የእትዬ የቀኝ አውራ ጣት ማበጡን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሐኪሙ ከመላጥ እረፊ ብሏቸዋል። በቀን ስንት ኪሎ እንደሚልጡ ግን ሐኪሙ አልጠየቃቸውም።

ሐሙስ

የእትዬ ወንድም ሆለታ አቅራቢያ ያርሳል፣ ድንቹም ከሱ ነው የሚመጣው። "ከምታወሪ ሄደሽ እዪው" አሉኝና የሚወሰድለትን ስኳርና ቡና አስይዘው ላኩኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ወንድሜም ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሊከተለኝ ፈልጎ ነበር፣ እማዬ ከለከለችው።

ከቡራዩ ሚኒባስ ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ በቀኝ የገፈርሳ ግድብ ይታያል። ከዚያ መናገሻ። ጥቅምት ለዚህ መንገድ ወሩ ነው፤ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ኑጉ አብቦ ቢጫ ሆኗል፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል።

የእትዬ ወንድም መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። "አካም ጂርታ" አልኩት፣ ከዚያ በላይ ኦሮምኛዬ እንደማያስኬደኝ ሲያይ በአማርኛ ቀጠለ። ማሳው ላይ ሦስት ሰዎች ድንች እየቆፈሩ ነበር። አፈሩ ቀይ ነው፣ እርጥበት አለው፣ ዶማው ሲገባ ድንቹ እንደ እንቁላል ተደርድሮ ይወጣል። አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ አሸት ሲያደርገው ልጣጩ ተገፎ ወጣ።

"ይሄ ለእህቴ ገና ነው" አለ። "ልጣጩ አልጠናም፣ ውሃ አለው። ዘይት ውስጥ ብትከቺው ይጠጣል እንጂ አይጠበስም። ጨለማ ቤት ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይላካል።"

ጨለማ ያለው ለምን እንደሆነም አሳየኝ። ከአፈር ወጣ ብሎ ፀሐይ ያየ ድንች ጎኑ አረንጓዴ ሆኗል። ይመራል፣ ሆድም ያማል፣ እሱን ለብቻ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ሲያድግ አፈር እያለበሱ የሚኮተኩቱት። ክረምት ላይ ጉሙና ዝናቡ ሲበዛ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ አለ፤ አባታቸው በነበሩ ጊዜ አንድ ዓመት ላይ ማሳውን በሙሉ በሳምንት ጨርሶት ያውቃል። አሁን የሚዘራው ጉደኔ የሚባለውን ዝርያ ነው። ከዚያው ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፣ በሽታውን ይችላል። በለጠ የሚባለውንም ሞክሯል።

ልጅ ሆኜ ድንች ከጤፍ ጋር ከጥንት የነበረ ይመስለኝ ነበር። ወደ ሀገራችን የገባው ግን በፈረንጆቹ 1858 ነው፤ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ይህን ለእትዬ ወንድም ስነግረው ቆም ብሎ አሰበ። "እንግዲያው ቅድመ አያቴ አያውቀውም ነበር ማለት ነው" አለ። ከዚያ አንዱን ድንች አገላብጦ አየውና ወደ ጆንያው ወረወረው።

ቤቱ ገብተን የተቀቀለ ድንች በተልባ ቀረበልን፣ ከእርጎ ጋር። ለሱ ጾም አይደለም፣ እኔም ጽጌን አልጾምም። ስመለስ ሁለት ሳምንት የቆየ ድንች ሩብ ጆንያ አስጫነኝ። ሚኒባሱ ላይ እግሬ ስር አድርጌው እስከ ቡራዩ አፈር አፈር ሸተተኝ፣ ደስ የሚል ሽታ ነው።

ዓርብ

የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ከተማ ጠርተውኝ ሄድኩ። ትልቅ መስታወት ያለው ካፌ ነው። የጾም ሳንዱች አዘዝኩ፣ ዳቦው ከፍሪጅ የወጣ ነበር፣ መሃሉ አልሞቀም። አስተናጋጇን ነገርኳትና መለሰችው፣ ሲመጣ ዳሩ ተቃጥሎ መሃሉ ያው ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስንስቅ ስናወራ ጊዜው ጥሩ ነበር። ሳንዱቹ ግን ሳህኑ ላይ ቀረ። ያን ያህል ብር የሚከፈልበት ቤት የቡራዩ ቆርቆሮ ቤት በቀን ሦስቴ የምታደርገውን፣ ትኩስ ዳቦ ማቅረብን፣ ካቃተው አዝናለሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ጋ ደርሼ የመጨረሻውን ዳቦ አገኘሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ቤቱ ገና ሳይከፈት ሄድኩ። እትዬ መጎናጸፊያቸውን አውልቀው ለኔ ሽርጥ አሰሩልኝ። "ዛሬ አንቺ ነሽ" አሉ።

የመጀመሪያውን ዳቦ እስከ ታች ቆረጥኩት። ያንን ራሴ በላሁት። ሁለተኛው ላይ አንድ ጣት አስቀረሁ። ድንቹን ከተትኩ፣ ጆሮዬን ሰጠሁ፣ በመንገዱ ሲኖትራክ አለፈና ድምፁ ጠፋብኝ፣ ትንሽ ቀላብኝ። እትዬ ምንም አላሉም። ሦስተኛውን ለወንድሜ ሠራሁ፣ ጫን አደረግኩት፣ ተቀብሎ እየበላ ወጣ። ስለ ጣዕሙ አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ኳስ ነው ያወራው፣ ይህ ለኔ ጥሩ ምልክት ነው።

ልጅቷም አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። "እኔን ጫን በይ ብለውኝ አያውቁም" አለችኝ በጆሮዬ። እትዬ ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ለመጣው ደንበኛ የልጅቷን እጅ በእጃቸው ይዘው አብረው ዳቦውን ሲጫኑ አየሁ፣ ያበጠው አውራ ጣታቸው ከሷ ጣት ላይ።

ስወጣ አንድ ጠርሙስ ድልህ አመጡልኝ። የዘንድሮ ነው፤ አዲስ የቀላ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ገና ባለፈው ሳምንት የተፈጨ። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልለው፣ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። እኛ ልጆች እያለን እርጥቡን ራሱ በእንዲህ ያለ ወረቀት ነበር የሚጠቀልሉልን፤ እየበላን የሰው የቤት ሥራ እናነብ ነበር።

"ዳቦውን እዚያው ትኩስ ግዢ" አሉኝ። "ድንቹንም ከሻንጣሽ ስር አድርጊው፣ አይጨፍለቅ።" ብር ላወጣ ስል እጄን መለሱት።

አዳማ ስደርስ መሽቷል፣ ሙቀቱ ከቡራዩ ብርድ በኋላ ፊቴን መታኝ። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ አገኘሁ፣ ቅርፊቱ ወፈር ይላል፣ ምን ይደረግ። ሻንጣዬን ሳልፈታ ድንቹን ላጥኩ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። አንዴ ጠብሼ አወጣሁ። ጓደኛዬ ወጥ ቤት መጥታ በሩን ተደግፋ የቡራዩን ወሬ፣ የእማዬን ደህንነት፣ የመንገዱን ነገር ትጠይቀኛለች።

ሁለተኛውን ጥብስ ስከት ዘይቱ ጮኸ።

"ቆይ አንዴ፣ ዝም በይ" አልኳት። "ድምፁን ልስማ።"